የአምባዛ ጫጩቶቹ በአሥር ቀን ውስጥ የሚያልቁት ለምንድን ነው? ዲቃላ አምባዛስ መፍትሔ ይሆናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ባቱ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እህት በግቢያቸው አምባዛ ያራባሉ። እናቲቱን ሆርሞን ወግተው እንቁላል ያወጣሉ፤ እንቁላሉም በደንብ ይፈለፈላል። ሦስት ጊዜ ሞክረው ግን ሦስቱንም ጊዜ ጫጩቶቹ ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ እየሞቱ በአሥረኛው ቀን ሳፋው ባዶ ሆኗል። የሚመግቧቸው የተቀቀለ እንቁላል አስኳልና የተፈጨ የዶሮ ጫጩት መኖ ነው። ውኃው የጉድጓድ ነው፤ ሙቀቱ ቀን 24፣ ሌሊት 21 ዲግሪ ይደርሳል። አሁን አንድ ሰው «ዝርያሽ ደካማ ነው፤ ዲቃላ አምባዛ ብታመጪ ቶሎ ያድጋል፣ አይሞትም» ብሏቸዋል። እሳቸውም ዲቃላው እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያዋጣ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ዲቃላ ቢያመጡም ጫጩቶቹ በዚያው በሰባተኛው ቀን መሞት ይጀምራሉ። ዲቃላ አምባዛ የሚባል ዓሣ በእርግጥ አለ፣ ጥሩም ዓሣ ነው፣ አሠራሩንም ከታች እጽፍልዎታለሁ። ሳፋው ውስጥ ያሉትን የሚገድላቸው ግን ዝርያቸው አይደለም። እንቁላሉ በደንብ ከተፈለፈለ እናቲቱም አባቱም ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የአርቢው ሥራ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። አንድ ኪሎ የምትመዝን በደንብ የደረሰች አምባዛ ከክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን እንቁላል ትሰጣለች። አንድ ግራም ውስጥ ከ600 እስከ 700 ፍሬ አለ። ስለዚህ ከአንዲት እናት ቢያንስ 60,000 እንቁላል ያገኛሉ። ግማሹ ባይፈለፈል እንኳ 30,000 እጭ፣ ማለትም ገና የተፈለፈለ ጫጩት፣ በእጅዎ ላይ ነው። ለግቢ ኩሬ ደግሞ ሁለት ሺህ ጤነኛ ጫጩት ይበቃል። የቸገረን እንቁላል አይደለም። የቸገረን ከሦስተኛው ቀን እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ያለውን ጊዜ ማሻገር ነው። ምላሼ የረዘመውም እዚያ ላይ ነው።

እጩ ከእንቁላሉ ሲወጣ ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሆዱ ላይ የአስኳል ከረጢት ተሸክሞ ይወጣል። በዚህ ጊዜ አይበላም፤ ስንቁ ያው አስኳሉ ነው። ብርሃን ይሸሻል፤ ሳፋው ጥግ፣ ጨለም ያለው ቦታ ላይ ተከማችቶ ጭራውን ያርገበግባል። ይህን አይተው «ታመው ነው» ብለው ክምሩን የሚበትኑ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይንኳቸው፤ ጤነኛ እጭ እንዲህ ነው። የሞተውና ያልተፈለፈለው ነጭ ሆኖ ይለያል። እሱን ግን በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ቶሎ ስበው ያውጡት። ካደረ እንደ ጥጥ የሚመስል ሻጋታ ያበቅልና ጤነኛውንም ይይዛል።

ውኃው 28 ዲግሪ ከሆነ አስኳሉ በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል። በእርስዎ ውኃ ወደ አራት ቀን ይጠጋል። ሲያልቅ እጮቹ ክምሩን በትነው በውኃው መሐል ወዲያ ወዲህ መዋኘት ይጀምራሉ። መመገብ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የተጣለ ምግብ ውኃ ማበላሸት ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ማዘግየት ደግሞ ጫጩቱን ማዳከም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በዚህ ዕድሜ እጩ አፍ አለው፣ አንጀት አለው፤ የሚሠራ ጨጓራ ግን ገና የለውም። ፕሮቲን ለመሰባበር የሚረዳው የጨጓራ አሲድ የሚመጣው መብላት ከጀመረ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ውኃው ሞቅ ያለ ከሆነ። እስከዚያ ድረስ የተፈጨ መኖ በአፉ ቢገባም በአንጀቱ በኩል እንዳለ ያልፋል። እርስዎ ሲመለከቱት ይበላል፤ እሱ ግን እየተራበ ነው። አስኳሉ በአራተኛው ቀን አለቀ፣ ሦስት ቀን በረሃብ ቆየ፣ በሰባተኛው መሞት ጀመረ። ከጻፉልኝ ቀን ጋር ልክ ይገጥማል። በሚቀጥለው ጊዜ ከሚሞቱት አንዱን በማንኪያ አውጥተው በነጭ ሰሃን ላይ ይመልከቱት። ራሱ ከአካሉ ገዝፎ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከተጣበቀ የገደለው ረሃብ ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ራሱ የሚመግቧቸው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ነው። አስኳል ውኃ ውስጥ ሲበተን ወደ ጫጩት አፍ የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ያፈላል፣ አሞኒያ ያመነጫል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካሊነቱ ልክ፣ ከፍ ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ፒኤች 7 ሲሆን ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ሲሆን 5 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ፒኤች 9 ሲሆን ከሲሶው በላይ መርዝ ነው። ደጋ ላይ ፒኤቹ ዝቅ ያለ ውኃ ያለው ሰው አስኳል ጥሎ ጥቂት ጫጩት ቢተርፍለት፣ ያንኑ ባቱ ላይ መድገም አይቻልም። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ዋጋው ትንሽ ነውና ከመኖው በፊት እሱን ይግዙ።

ሦስተኛው ኦክስጅን ነው። እዚህ ላይ አምባዛ ሁላችንንም ያታልለናል። ትልቁ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፣ በጆንያ ተጠቅልሎ መንገድ ይሄዳል፤ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው ነው። ያ አካል ግን ከእንቁላል ሲወጣ የለም። ቀስ በቀስ ተሠርቶ መሥራት የሚጀምረው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ጫጩቱ እንደማንኛውም ዓሣ በስንጥቡ ብቻ ይተነፍሳል። ጉድጓድ ውኃ ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በርሜል ውስጥ አየር እየተነፋበት አንድ ሌሊት ካላደረ ለእጭ አይሆንም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን 20,000 የሚሆን የስድስት ቀን ጫጩት በአንድ ገንዳ ይዤ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ የአየር ፓምፑ ቆመ። ተኝቼ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ስገባ ገንዳው ላይ ስስ ነጭ ነገር ተንሳፍፏል፤ መጀመሪያ አረፋ መስሎኝ ነበር። ከገንዳው ጎን ትልልቆቹ እናቶች በራሳቸው በርሜል ውስጥ ምንም ሳይሆኑ አየር እየጎረሱ ይዋኛሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ተጠባባቂ ባትሪ ፓምፕ እጭ አላስፈለፍልም። ባትሪ መግዛት ባይችሉ እንኳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሮቶ አስቀምጠው ውኃው በስበት እየተንጠባጠበ እንዲገባ ያድርጉ። መብራት ቢጠፋም እሱ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይብሉ? ከሁሉ የሚሻለው አርቴሚያ ነው። አርቴሚያ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ሲሆን እንቁላሉ ደርቆ በቆርቆሮ ይሸጣል። ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ የሚያስፈልግዎ ግን ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ብቻ ነው። ግልጽ የሆነ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን ቆርጠው ይገልብጡት። ለአንድ ሊትር ውኃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይጨምሩ፣ ከሥር አየር አጥብቀው ይንፉበት፣ አምፖል አብሩበት፣ ሙቀቱን 28 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። በ24 ሰዓት ይፈለፈላል። አየሩን ዘግተው አሥር ደቂቃ ሲጠብቁ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሕያው አርቴሚያ ከታች ይረጋል። ያንን ብቻ ከታች ቀድተው፣ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ይስጡ። ቅርፊቱ አብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ጫጩቱ ውጦት አንጀቱን ይዘጋል።

አርቴሚያ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ በአንድ ጊዜ አብዝቶ መስጠት ብክነት ነው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይስጡ፤ ሌሊትም ጭምር። አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው፣ በጨለማ በደንብ ይበላል። መጥገቡን ለማወቅ ደግሞ ሚዛን አያሻም። ከመገቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያንሱት። የጫጩቱ ገላ እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ ሆዱ ሞልቶ ብርቱካናማ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ይህን ካዩ ተሳክቶልዎታል። ሦስቱ አራቱ ባዶ ሆድ ከሆኑ መጠኑን ይጨምሩ፣ ወይም ጫጩቱ በዝቷልና ይከፋፍሉት። በአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 100 እጭ ለጀማሪ ይበቃል።

አርቴሚያ ካላገኙ የውኃ ቁንጫ ያራቡ። ብዙ የአገራችን አርቢ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል። ትንሽ ኩሬ ወይም በርሜል ውስጥ የላም እበት በጆንያ አስረው ይንከሩ፤ ከሳምንት በኋላ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያም እየዘለሉ የሚዋኙ ነጫጭና ቀላ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ይሞሉታል። ችግሩ ጊዜውን ማስተካከል ነው። ቁንጫው ሊደርስ ሲል ነው እናቲቱ መወጋት ያለባት፤ ብዙዎቻችን ግን እጩ ከተፈለፈለ በኋላ ነው ስለ ምግቡ የምናስበው። ሲሰበስቡም በሁለት ወንፊት ያሳልፉት። መጀመሪያ በአጎበር ጨርቅ፣ ትልልቁ ነፍሳት እንዲቀር፤ ቀጥሎ በጥቅጥቅ ሐር፣ ቁንጫው እንዲያዝ። ከሐይቅ ቀድቶ እንዲሁ መገልበጥ አደገኛ ነው። ከሐይቁ ጋር የውኃ ተርብ እጭና ሌላም ጫጩት በል ነፍሳት ይመጣል፤ አንድ የውኃ ተርብ እጭ ደግሞ በቀን ስንት ጫጩት እንደሚፈጅ ካላዩት አያምኑትም።

ከአምስተኛው የመመገቢያ ቀን በኋላ ጨጓራው መሥራት ስለሚጀምር ወደ ደረቅ መኖ ማሸጋገር ይቻላል። ቀስ ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ ሕያውን፤ የተራበው ደረቁን ይለምዳል። ፕሮቲኑ ከ50 በመቶ ማነስ የለበትም። የዶሮ ጫጩት መኖ ከ20 በመቶ ብዙም ስለማያልፍ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ለአምባዛ ጫጩት እሱን መስጠት ለሕፃን ልጅ ገለባ እንደ መስጠት ነው።

ሙቀቱንም ያስተካክሉ። ለእጭ የሚስማማው 27 እና 28 ዲግሪ ነው። በ21 ዲግሪ አይሞትም፣ ግን ምግብ መፍጨቱም ማደጉም ይዘገያል፤ አደገኛው ጊዜ ይረዝማል። ትልቅ ማሞቂያ አያስፈልግዎም። ሳፋዎቹን ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው በፕላስቲክ ላስቲክ ድንኳን ይሸፍኑ፣ ለመቀየሪያ የሚሆነውን ውኃ ቀን በጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ ያሙቁ። ሌሊት 25 ላይ ቢያቆዩት እንኳ ለውጡን ያያሉ።

አሥር ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠላት ይመጣል፤ እርስ በርስ መበላላት። እርስዎ እስካሁን እዚያ አልደረሱም፣ ግን ይደርሳሉና አሁኑኑ ይወቁት። ሌሊት በባትሪ ሳፋውን ሲያበሩ አንዳንዱ ጫጩት ሁለት ጭራ ያለው ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ወንድሙን በጭራው በኩል ውጦ ራሱ ላይ ሲደርስ አልገባ ብሎት ነው። የተዋጠው ይሞታል፣ የዋጠውም ብዙ ጊዜ ታንቆ ይሞታል። ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ ትልቁ ትንሹን በራሱ በኩል አንዴ ይሰለቅጠዋል፤ ያኔ ሬሳ እንኳ አያገኙም፣ ቁጥሩ ብቻ ይጎድላል። «ሌባ ገባብኝ» ያለኝ አርቢ ነበር። መድኃኒቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ በመጠን መለየት፣ ሌሊት ማብላትና ሳፋውን ግማሽ በግማሽ መሸፈን ነው። በጨለማ ውስጥ ይረጋጋሉ።

አሁን ዲቃላው። እርስዎ የሰሙት የአምባዛና የሄትሮብራንከስ ልጅ መሆን አለበት። የእኛ አምባዛ በሳይንስ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ነው። ሄትሮብራንከስ ሎንጊፊሊስ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በአፍሪካ ትልልቅ ወንዞች ይኖራል፣ በአገራችንም በባሮና በኦሞ ተፋሰስ ይገኛል። ከ50 ኪሎ በላይ የሚደርስ ግዙፍ ዓሣ ነው። አምባዛ ገና በልጅነቱ እንቁላል መያዝ ስለሚጀምር ጉልበቱን ለዘር ያውላል፤ ሄትሮብራንከስ ግን ዘግይቶ ይደርሳልና በዚያ ጊዜ ሥጋ ይሠራል። ሁለቱን የማዳቀል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፤ የአንዱን ጥንካሬና ብዙ እንቁላል ከሌላው እድገት ጋር ለማገናኘት። በደቡብ አፍሪካ ሄክትና ሉብሊንክሆፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዲቃላ ለእርባታ የሚሆን አዲስ ዓሣ ብለው አስተዋወቁ። ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ሄትሮክላሪያስ እየተባለ በሰፊው ይረባል።

አሠራሩ እርስዎ ከሚያውቁት ብዙ አይለይም። በተፈጥሮ ሁለቱ ስለማይገናኙ በእጅ ነው የሚዳቀሉት። እናት አምባዛ፣ አባት ሄትሮብራንከስ ይሆናል፤ አምባዛ እንቁላሏ ብዙ፣ አያያዟም ቀላል ስለሆነ። እናቲቱን ኦቫፕሪም በተባለው እንቁላል የሚያደርስ ሆርሞን የሚወጉ ከሆነ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ የሚጠብቁት ሰዓት በሙቀቱ ይወሰናል፤ በ21 ዲግሪ 18 ሰዓት፣ በ24 ዲግሪ 12 ሰዓት፣ በ28 ዲግሪ 8 ሰዓት ያህል። የ24 ዲግሪ ውኃ ካለዎት ማታ 1 ሰዓት ወግተው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጨምቃሉ ማለት ነው። ነገር ግን የእርስዎ ውኃ ሌሊት ወደ 21 ስለሚወርድ በ12 ሰዓት ላይ ቢጨምቋት እንቁላሉ ላይደርስ ይችላል። ሆዷን በስሱ ሲነኩት እንቁላሉ ራሱ መፍሰስ ሲጀምር ብቻ ይጨምቁ፤ ካልፈሰሰ አንድ ሰዓት ጠብቀው ይሞክሩ። በጉልበት የተጨመቀ እንቁላል አይፈለፈልም፣ እናቲቱም ትጎዳለች።

የወንዱ ነገር ያሳዝናል። በእነዚህ ዓሦች ወንዱ ሆዱን ቢጨምቁት ዘሩን አይሰጥም፤ ታርዶ የዘር ፍሬው መውጣት አለበት። ፍሬውን በፎጣ አድርቀው፣ በምላጭ ሰንጥቀው፣ ፈሳሹን በጨው ውኃ ውስጥ ያጥቡት። ጨው ውኃው አንድ ሊትር ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃና 9 ግራም ጨው ነው። በዚህ ውስጥ ዘሩ ተኝቶ ይቆያል። ንጹሕ ውኃ የነካው ጊዜ ነቅቶ መዋኘት ይጀምራል፤ ሕይወቱም ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳህኑ፣ እጅዎ፣ የእናቲቱ ሆድ ሁሉ ደረቅ ይሁን። አንዲት ጠብታ ውኃ ከገባች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያበቃል። እንቁላሉንና ዘሩን በደረቁ አዋህደው፣ ከዚያ ከእንቁላሉ ጋር እኩል ንጹሕ ውኃ ጨምረው፣ በዶሮ ላባ አንድ ደቂቃ ቀስ ብለው ያማስሉ። ወዲያው መጣበቅ ስለሚጀምር ሳይዘገዩ በወንፊት ጨርቅ ላይ አንድ ንብር አድርገው ይበትኑት። በ24 ዲግሪ በ29 ሰዓት ገደማ፣ በ28 ዲግሪ በ22 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ዲቃላውን በሠሩበት ዕለት የዚያችኑ እናት እንቁላል ሁለት ቦታ ይክፈሉት። ግማሹን በሄትሮብራንከስ ዘር፣ ግማሹን በአምባዛ ዘር ያዳቅሉ። በአንድ ውኃ፣ በአንድ ምግብ፣ በተለያየ ሳፋ ያሳድጉ። ሁለቱም ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ እየሞቱ ካለቁ ችግሩ ዝርያው አለመሆኑን በዓይንዎ አዩት ማለት ነው። ሁለቱም ከተረፉ ደግሞ በሦስተኛው ወር መዝነው ዲቃላው በእርስዎ ግቢ ስንት ግራም እንደጨመረ ያውቃሉ። የሌላ አገር ውጤት የሌላ አገር ውኃ ውጤት ነው።

«ዲቃላ ጫጩት እሸጣለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ጀርባውን ይመልከቱ። የአምባዛ የጀርባ ክንፍ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጭራው አካባቢ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል፤ በጣት ሲያሻሹት እንደ ማበጠሪያ ቀጫጭን አጥንቶች ይሰማሉ። የሄትሮብራንከስ አጥንታም ክንፍ አጭር ነው፤ ከሱ በኋላ ረጅም፣ አጥንት የሌለው፣ ለስላሳ የሞራ ክንፍ ይከተላል። ዲቃላው በመሐከላቸው ነው፤ የጀርባ ክንፉ ከአባቱ ይረዝማል፣ ጭራው አጠገብ ግን አጭር የሞራ ክንፍ አለው። ያ ለስላሳ ክንፍ ከሌለ የሚሸጥልዎ ያው አምባዛ ነው።

ዲቃላውን መልሶ ማራባትስ? አይሞክሩት። አምባዛ 56 ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አለው፣ ሄትሮብራንከስ 52፤ ልጃቸው 54 ይዞ ይወለዳል። የዘር አካሉ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አያድግም። ሆኖም «ፈጽሞ አይወልድም» ብሎ መተማመን ስሕተት ነው። ከዲቃላ የተወለደ ጫጩት ቢገኝ እንኳ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጎባጣ ሆኖ ያስቸግራል። የዲቃላ ጥቅሙ ሁልጊዜ ከሁለት ንጹሕ ወላጆች ሲሠራ ነው። አሜሪካኖችም የቻነል ካትፊሽን ሴት ከብሉ ካትፊሽ ወንድ ጋር ሲያዳቅሉ በየዓመቱ እንደገና ከንጹሕ ወላጆች ይጀምራሉ፤ እዚያም ወንዱ ይታረዳል፣ እዚያም እንቁላሉ በእጅ ይጨመቃል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ታይላንድ ውስጥ የሆነው ነው። እዚያ የራሳቸውን ክላሪያስ ማክሮሴፋለስ የተባለ ጣፋጭ ዓሣ ከአፍሪካው፣ ከእኛው አምባዛ ጋር አዳቀሉ። ዲቃላው ቶሎ አደገ፣ ገበያውን ያዘ፣ ንጹሑን ዝርያ ከኩሬ አስወጣው። ከኩሬ ያመለጠውም ወደ ወንዝና ወደ ረግረግ ገባ። ቆይተው ተመራማሪዎች የዱሩን ዓሣ ሲመረምሩ የአፍሪካው አምባዛ ዘር በአንዳንዱ ውስጥ ተቀላቅሎ አገኙት። አንዴ ከተቀላቀለ ማንም ሊለየው አይችልም።

እርስዎ ያሉት ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ነው። ሄትሮብራንከስ ደግሞ የዚያ ሐይቅ ዓሣ አይደለም፤ ከባሮ ወይም ከኦሞ በሕይወት ቢያመጡት ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ጥገኛ ተውሳኩንም ያመጣሉ። ጎርፍ ሲመጣ የትኛው ኩሬ ይሞላል፣ የትኛው ይተርፋል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሐይቁ ዳር ባለ የመሬት ኩሬ ውስጥ ዲቃላ አላስገባም። የግድ መሞከር ካለበት የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ጠይቀው፣ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አማክረው፣ ውኃው ወደ ውጭ በማይወጣ ዝግ ገንዳ ብቻ ይሁን። ሕያው ዓሣ ከማምጣት ደግሞ የወንዱን የዘር ፈሳሽ ብቻ ማምጣት ይሻላል። በጨው ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ይህ ቢያንስ ተውሳክና እንግዳ ወንድ ወደ ሐይቁ አካባቢ እንዳይመጣ ያደርጋል።

ስለ ገበያውም አንድ ቃል። አገራችን ውስጥ አምባዛ ከቆሮሶ ያነሰ ፈላጊ እንዳለው ያውቃሉ፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበላው ሰው ጥቂት አይደለም። ዲቃላውም ቅርፊት የለውም። ፊሌቶ አውጥተው ለሆቴል የሚሰጡ ከሆነ እድገቱ ይጠቅምዎታል፤ በዐቢይ ጾም ሙሉውን ዓሣ ለሰፈር ለመሸጥ ካሰቡ ግን ትልቅ ዲቃላ ከመካከለኛ አምባዛ ይበልጥ አይሸጥም። ዋጋውን አስቀድመው ከገዢዎችዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የሚቀጥለውን ሙከራ ያሁኗን አምባዛዎን ይዘው ያድርጉ። ከመውጋትዎ አሥር ቀን በፊት የቁንጫውን በርሜል ያዘጋጁ፣ ወይም አርቴሚያውን በእጅዎ ያስገቡ። 30,000 እጭ አይያዙ፤ 3,000 ብቻ በሁለት ሳፋ ያስቀሩ፣ ሌላውን ለሚፈልግ ጎረቤት ይስጡ። በየቀኑ ጠዋትና ሌሊት ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ የሞተውን ቁጥር በደብተር ይጻፉ። አራተኛው ቀን ላይ ሲዋኙ ባዩ ሰዓት የመጀመሪያውን ምግብ ይስጡና በብርጭቆ ቀድተው ሆዳቸውን ይመልከቱ። የስምንተኛውን ቀን ቁጥር ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አብረን እናያለን።